እናቶች በዝምታ ስለሚሸከሙት ሕመም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ አባቶቻችን ሲተርቱ የኖሩት በከንቱ አይደለም። ሰው ጥርሱን ቢያመው ወይም ወባ ቢይዘው ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ጎረቤቱም ሐኪም ያመለክተዋል። ነገር ግን ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ የሚያመጣው ኀፍረት የሚበልጥ ሕመም አለ። እንዲህ ያለው ሕመም ያገኘው ሰው ለእናቱ ስንኳ ሳይነግር ብዙ ዓመት ያሳልፋል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንናገርለት ያሰብነው ከዚህ ወገን የሆነውን፤ ይልቁንም የወለዱ እናቶችን የሚያገኘውን የዳሌ ወለል መላላት ነው።

ይህን የመሰለ ነገር በጋዜጣ ላይ መጻፍ ከጨዋነት የራቀ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን እናትን ከጤናዋ የሚያርቅ ዝምታ ጨዋነት ሊባል አይችልም። ስለዚህ ነገሩን በሚገባው አክብሮት፤ ነገር ግን በተገለጠ ቃል እንናገረዋለን።

አንዲት የማውቃቸው ወይዘሮ አሉ። ስድስት ልጆች ወልደው በመልካም ያሳደጉ፤ እሑድ ከቅዳሴ፤ በየወሩም ከማኅበራቸው የማይቀሩ ነበሩ። ስድስተኛውን ልጃቸውን ከወለዱ በኋላ ግን ጠባያቸው የተለወጠ መሰለ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቅጽሩ ውጭ ጥቂት ቆመው ይመለሳሉ፤ ወደ ማኅበር ሲጠሩ «ራሴን አመመኝ» ይላሉ፤ ሰው ሲጫወት ከመሳቅ ይቈጠባሉ፤ መንገድ ከመውጣታቸው በፊት ውሃ አይቀምሱም። ባላቸው በመንግሥት ሥራ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ «ምን በድያት ነው የራቀችኝ?» እያሉ በልባቸው ያዝኑ ነበር። ልጆቹም «እናታችን አረጁ» ይሉ ነበር። ዕድሜያቸው ግን ገና 43 ዓመት ነበር።

ምሥጢሩ የተገለጠው አዋላጅ ነርስ የሆነች የእኅታቸው ልጅ ሊጠይቋቸው መጥታ፤ ሠራተኛ እያለች ልብሳቸውን በጓሮ ተደብቀው ሲያጥቡ ባገኘቻቸው ጊዜ ነው።

«እትዬ፤ ይህን ያህል ዘመን ለምን አልነገሩኝም?» አለቻቸው።

«ልጄ፤ ምን ብዬ ልንገርሽ? ሳስልና ስስቅ ሽንቴ ያመልጠኛል። እንዲህ ሆኜ ከመቅደስ እንዴት እገባለሁ? ወልዳ ያልተጐዳች ሴት የት አለች? የእናትነት ዋጋው ነው ብዬ ተቀበልሁት» አሏት።

«የእናትነት ዋጋውስ ልጆችዎ ናቸው። ይኸ ግን ሕመም ነው፤ ሕመምም ይታከማል» ብላ መለሰችላቸው።

እኛም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለመንገር የምንፈልገው ይህንኑ የልጂቱን ቃል ነው። ነገሩ ሕመም እንጂ ነውር አይደለም፤ የእርጅና ወይም የእናትነት ዕጣም አይደለም፤ ለብዙዎችም ያለ ቀዶ ጥገና የሚታከም ነው።

የዳሌ ወለል የሚባለው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በዳሌ አጥንት መካከል፤ ከፊት ከእምብርት በታች ካለው አጥንት ጀምሮ ወደ ኋላ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ የተዘረጋ ጡንቻ አለ። የቀድሞውን የጠፍር አልጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጠፍሩ በአልጋው እንጨት ወዲህና ወዲያ ተወጥሮ የተኛውን ሰው እንደሚሸከም፤ እንዲሁ ይህ ጡንቻ የሽንት ፊኛን፤ ማሕፀንንና የታችኛውን አንጀት ከሥር ሆኖ ይሸከማል። የሽንትና የዐይነ ምድር መውጫዎችም በመካከሉ ስለሚያልፉ፤ በሚያስፈልግ ጊዜ አጥብቆ ይዘጋቸዋል፤ በሚያስፈልግም ጊዜ ይለቃቸዋል።

ጠፍሩ ሲላላ አልጋው መካከሉ ይጐደጕዳል፤ በላዩ ያለውም ወደ ታች ይወርዳል። የዳሌ ወለልም እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ጠፍር የሞተ ቆዳ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ከላላ ሰው ካልወጠረው በቀር አይጠብቅም። ጡንቻ ግን ሕያው ስለ ሆነ በሥራ ይበረታል፤ ባለቤቲቱም ራስዋ ልትወጥረው ትችላለች። የዚህ ሕክምና መሠረቱ ይህ ነው።

ጡንቻው የሚላላበት ምክንያት ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው እርግዝናና ወሊድ ነው። የሕፃኑ ራስ በሚያልፍበት ጊዜ የጡንቻው አንዱ ክፍል ከልኩ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚለጠጥ ሐኪሞች በስሌት አሳይተዋል። ምጡ የረዘመባት፤ ሕፃኑ ትልቅ የሆነባት ወይም በመሣሪያ የተሳበባት እናት ይበልጥ ትጐዳለች። ከዚህም ሌላ የዘወትር ከባድ ሸክም፤ የማያቋርጥ ሳል፤ የሆድ ድርቀትና በዚያ ምክንያት የሚደረግ ማማጥ፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት፤ የወር አበባም ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣው የገላ መለወጥ ጡንቻውን ያደክሙታል። በአገራችን በሰሜን ጎንደር በዳባት ወረዳ ተጠንቶ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጽሑፍ ከማሕፀን መውረድ ጋራ አብረው ከተገኙት ነገሮች መካከል ከባድ ነገር መሸከምንና የምጥ መርዘምን ይጠቅሳል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው። አንዳንዲቱ ስታስል፤ ስታስነጥስ፤ ስትስቅ ወይም ዕቃ ስታነሣ ሽንት ያመልጣታል። ሌላይቱ ድንገት ሽንቷ ይመጣባትና ከመጸዳጃው ሳትደርስ ይቀድማታል። ሌላይቱም የሆድ አየርን ወይም ዐይነ ምድርን ለመያዝ ትቸገራለች። ሌላይቱ ደግሞ ወደ ማታ ከታች የሚከብድና የሚወርድ ነገር ይሰማታል፤ ይህም የማሕፀን ወይም የፊኛ መውረድ ምልክት ነው።

የገላን ጡንቻ በማሠልጠን ይህን ሕመም ማከም እንዲቻል በዓለም ካስታወቁት ሐኪሞች አንዱ አሜሪካዊው የሴቶች ሐኪም አርኖልድ ኬገል ናቸው። እኒህ ሰው በካሊፎርኒያ ሲሠሩ፤ ከወለዱ በኋላ ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች ሁሉ ወደ ቀዶ ጥገና ከመሄዳቸው በፊት የላላውን ጡንቻ በየቀኑ በማጥበቅ ማበርታት እንደሚቻል ተረዱ። የጡንቻውንም ኀይል የሚለካ መሣሪያ ሠርተው ሥራቸውን በ1948 ዓ.ም. በሐኪሞች መጽሔት አሳተሙ። ሴቲቱ የመሣሪያውን መርፌ እያየች ኀይሏ ከሳምንት ወደ ሳምንት መጨመሩን በዐይኗ ታረጋግጥ ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ ይህ እንቅስቃሴ በስማቸው «ኬገል» እየተባለ ይጠራል።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርመራ የሐኪሙን አሳብ አጽንቶታል። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ በ14 አገሮች የሚኖሩ 1,817 ሴቶች የተሳተፉባቸውን 31 ጥናቶች መርምሯል። በሳልና በሳቅ ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ሥልጠናውን ያደረጉት ከመቶው 56 ያህሉ «ድነናል» ሲሉ፤ ካላደረጉት ግን ይህን ያሉት ከመቶው 6 ያህሉ ብቻ ናቸው። በእርግዝና ጊዜ ገና ሽንት ሳያመልጣቸው ሥልጠናውን የሚጀምሩ እናቶችም በኋላ ችግሩ የሚያገኛቸው ባነሰ ቍጥር እንደ ሆነ ታውቋል። በፈረንሳይ አገር ሐኪም ወይም አዋላጅ ያዘዘላት የወለደች እናት ይህን ሥልጠና የምታገኘው በሕዝቡ የጤና መድን ወጪ ነው። ይህም የሚያሳየን ነገሩ የቅንጦት ሳይሆን ከወሊድ እንክብካቤ አንዱ ክፍል ተደርጎ መቈጠሩን ነው።

አሁን እንቅስቃሴው እንዴት እንደሚደረግ በተራ እናመልክት።

አንደኛ፤ ጡንቻውን ማወቅ ነው። ሴቲቱ በጀርባዋ ተኝታ ጕልበቶቿን አጥፋ፤ በሰው ፊት የሆድ አየር እንዳያመልጣት እንደምትይዝ፤ ደግሞም ሽንት እንደምትይዝ አድርጋ ከታች ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትሳበው። ሆዷ፤ ጭኗና መቀመጫዋ ዘና ይበሉ። ትንፋሽዋንም አትያዝ፤ ትንፋሽዋን ይዛ ወደ ታች የምትገፋ ከሆነ የምትሠራው የተገላቢጦሹን ነው።

ሁለተኛ፤ አጥብቆ መቈየት ነው። የሳበችውን ጡንቻ ከቻለች እስከ 10 ሴኮንድ ትያዘው፤ ካልቻለች ከ3 ወይም ከ4 ሴኮንድ ትጀምር። ከዚያም ፈጽማ ትልቀቀው፤ የያዘችበትን ያህል ጊዜም ታሳርፈው። መልቀቁ ከመያዙ የማያንስ ሥራ ነው፤ ማረፍ የማያውቅ ጡንቻ ይደክማልና።

ሦስተኛ፤ መጠኑን መጠበቅ ነው። በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች የሚመሩበት ደንብ በአንድ ጊዜ ከ8 ያላነሰ፤ በቀንም 3 ጊዜ፤ ይህንኑ ከ3 ወር ላላነሰ ጊዜ እንዲደረግ ያዝዛል። የጧት ጸሎት ከደረሰ በኋላ፤ ቡና ሲፈላ፤ ማታም ከመኝታ በፊት ብትመድበው አትረሳውም። መጀመሪያ ተኝታ፤ ሲለመዳት ተቀምጣ፤ በመጨረሻም ቆማ ታድርገው።

አራተኛ፤ በሚያስፈልግበት ጊዜ መጠቀም ነው። ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣባት፤ ሕፃን ወይም ዕቃ ልታነሣ ስትል፤ አስቀድማ ጡንቻዋን ታጥብቅ። በሩን ነፋስ ሳይመጣ እንደሚዘጋ ሰው ትሁን። ይህች ትንሽ ብልሃት ብዙዎችን ጠቅማለች።

ከዚህ ጋራ መጠንቀቅ የሚገባን ነገር አለ። ሽንት ሲሸኑ እያቋረጡ መለማመድ ለፊኛ መልካም አይደለም። ውሃ መጠጣትን መተውም አይጠቅም፤ ሽንቱ ሲወፍር ፊኛን ይቈጣዋል፤ የሆድ ድርቀትም ያመጣልና። ድንገተኛ የሽንት ጥድፊያ ያለባት ግን ከአቦል እስከ በረካ የምትጠጣውን ቡና ብትቀንስ ሊሻላት ይችላል። ጎመንና ሌላውን አትክልት፤ ገብስንና ጥራጥሬን አዘውትራ ብትመገብ ከማማጥ ትድናለች። ወገብን በመቀነት አጥብቆ ማሰርም ለጊዜው የሚደግፍ ቢመስል ጡንቻውን አያበረታም፤ እጅግ ሲጠብቅም ሆድን ወደ ታች ይጫናል።

ደግሞም ሕመሙ ሁሉ ከመላላት የሚመጣ አይደለም። ጡንቻው ከመጠን ያለፈ የጠበቀባት፤ በዚህም ምክንያት ከታች የሚያማት፤ ከባልዋ ጋራ ስትገናኝ የምትሠቃይ፤ ወይም ጠባሳ የያዛት ሴት አለች። እንዲህ ላለችው ማጥበቅን መጨመር ሕመሟን ያብሳል፤ የሚያስፈልጋት ማላላትን መማር ነው። ስለዚህ የባለሙያ ምርመራ መቅደም ይገባዋል።

ይህ ባለሙያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይባላል። ሥራውም ገላን በእንቅስቃሴ፤ በእጅና በትምህርት ማከም ነው። በአገራችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ያስተምራል። ሰው እግሩ ሲሰበር ወይም ወገቡን ሲያመው ወደዚህ ባለሙያ መሄድን ለምዷል፤ የዳሌ ወለልም እንደ ክንድና እንደ እግር ጡንቻ መሆኑን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሴቶች ብቻቸውን ሲሞክሩ ብዙዎቹ ጡንቻውን ስተው ሆዳቸውን ወይም መቀመጫቸውን ያጠብቃሉ፤ ወይም ወደ ታች ይገፋሉ። ባለሙያዋ ግን መርምራ ትክክለኛውን ታሳያለች፤ እንደ አቅሟም ትመድብላታለች።

ማሕፀን ለወረደባትም ሥልጠናው ይረዳል። በእንግሊዝ፤ በኒው ዚላንድና በአውስትራልያ 447 ሴቶች የተሳተፉበት፤ በ2014 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት የወጣው ጥናት፤ በባለሙያ የሠለጠኑት የሕመማቸው ስሜት ካልሠለጠኑት ይልቅ እንደ ቀነሰላቸው ገልጧል። ፈጽሞ ወደ ውጭ የወጣውን ማሕፀን ግን እንቅስቃሴ ብቻ አይመልሰውም። ለእርሱ ሐኪም ልክ መርጦ የሚያገባው ፔሳሪ የሚባል የሲሊኮን ቀለበት ወይም ቀዶ ጥገና አለ።

ሁሉንም በሥልጠና እናድናለን የሚል ሰው ሊያሳስት እንደሚችልም መንገር ግዴታችን ነው። ከረዘመ ምጥ በኋላ ቀንም ሌትም ሳያቋርጥ ሽንቷ ወይም ዐይነ ምድሯ የሚፈስባት እናት የጡንቻ መላላት ሳይሆን ፊስቱላ የተባለው ቀዳዳ ሊሆንባት ይችላል። ይህን እንቅስቃሴ አይዘጋውም፤ ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። እንዲሁም በሽንቷ ደም ያየች፤ የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ ደም የታያት፤ ሽንት እያቃጠላት ትኩሳት የያዛት፤ ሽንት ድንገት እንቢ ያላት፤ ወይም ከጭኖቿ መካከል የደነዘዛት ሴት በፍጥነት ለሐኪም ትታይ።

በዚህ በፊስቱላ ነገር አገራችን ለዓለም ትምህርት የሰጠች ናት። ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 ዓ.ም. ከአውስትራልያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በ1974 ዓ.ም. ለዚሁ ሕመም ብቻ የሆነውን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ። ዶክተር ሬጅናልድ በ1993 ዓ.ም.፤ ዶክተር ካትሪን በ2020 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሥራቸው ግን በባሕር ዳር፤ በመቀሌ፤ በይርጋ ዓለም፤ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፍ አፍርቶ፤ ከ60,000 የሚበልጡ ሴቶች ታክመውበታል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዋላጆች ኮሌጅም ጉዳቱ ሳይደርስ ለመከላከል የታሰበ ነው።

ስለዚህ ሆስፒታል በዚህ ጽሑፍ የተናገርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪሙ ቀዳዳውን በመርፌ ቢዘጋም፤ ከዳኑት አንዳንዶቹ ጡንቻቸው ተጐድቶ ስለ ነበረ ሽንት መያዝ ይቸግራቸዋል። በምጡ ጊዜ ነርቫቸው ተጨቍኖ እግራቸው የሰነፈባቸውም አሉ። ለእነዚህ ቀሪውን ሥራ የሚሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ እንደገና መራመድን ያስተምራቸዋል፤ የዳሌ ወለላቸውንም ያሠለጥናል። እንግዲህ እጅግ ለተጐዱት የጠቀመ ሕክምና፤ ጥቂት ለተጐዱት ይልቅ የሚጠቅም መሆኑ አያጠራጥርም።

አሁን ነገሩን ወደ ቤታችን እንመልሰው። አባቶቻችን አራስን ማክበር ያውቁ ነበር። ወንድ ሲወለድ እስከ አርባ ቀን፤ ሴት ስትወለድ እስከ ሰማንያ ቀን ክርስትና ድረስ አራሲቱ ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት እንድታርፍ የሚያዝዘው ልማድ የታወቀ ነው። ዛሬ ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ ለገላ መጠገኛ የሚቈጥሩት ስድስት ሳምንት 42 ቀን ስለ ሆነ፤ ከአባቶቻችን አርባ ቀን ጋራ ይገጥማል ማለት ይቻላል። በዚህ በመልካም ልማድ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንጨምርበት። አራሲቱ ከባድ ነገር ሳታነሣ ስታርፍ፤ ሕመሟ ከፈቀደላት ከመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጀምራ አልጋዋ ላይ ሆና ጡንቻዋን በቀስታ ማጥበቅና መልቀቅ ትጀምር። የተሰፋች ብትሆን ወይም የሽንት ቱቦ ቢገባላት አዋላጅዋን ጠይቃ ታድርግ።

ዳሩ ግን ይህ ልማድ የሚጠበቀው ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ለጌቶችና ለእመቤቶች በትሕትና ለማቅረብ እንደፍራለን። እመቤቲቱ ስትወልድ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ እርስዋም ከአልጋዋ አትወርድም። ውሃ የምትቀዳው፤ እንጨት የምትሸከመው፤ ልብስ የምታጥበው ሠራተኛ ስትወልድስ ስንት ቀን ታርፋለች? ውሃ የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከወለደች በሁለት ሳምንት ይህን የምትሸከም እናት ያልጠገነ ጡንቻዋ ላይ በየቀኑ ሸክም እየጨመረች ነው። ጠፍሩ በረጠበበት ጊዜ ከባድ ሰው ቢተኛበት ምን እንደሚሆን ማንም ያውቀዋል። በቤቱ ያለችውን ሠራተኛ እስከ አርባ ቀን ከሸክም ያሳረፈ ጌታ፤ ከሕክምና ዋጋ ይልቅ የሚበልጥ ነገር አደረገላት።

የሥራ ኀላፊነት ያላችሁ ደግሞ፤ በየክፍሉ ያለው ጤና ጣቢያ ለወለደች እናት ስለ ሕፃኑ ክትባት እንደሚጠይቃት፤ «ስታስዪ ሽንት ያመልጥሻልን? ከታች የሚወርድ ነገር ይሰማሻልን?» ብሎ እንዲጠይቃት ብታደርጉ፤ ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም። ብዙዎቹ እናቶች ዝም የሚሉት መልስ ስለ ሌላቸው ሳይሆን የሚጠይቃቸው ስለ ሌለ ነው።

ባሎችም ሆይ፤ ሚስትህ ከማኅበር ስትቀር፤ ከሳቅ ስትቈጠብ፤ ከአንተም ስትሸሽ፤ ኰራች ወይም ጠላችኝ ከማለት በፊት የሚያማት ነገር ይኖር እንደ ሆነ በለሰለሰ ቃል ጠይቃት። ሕመሟንም ለሌላ ሰው መጫወቻ አታድርገው።

በመጀመሪያ ወደ ነገርናችሁ ወይዘሮ ተመልሰን እንፈጽም። የእኅታቸው ልጅ ወደ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወሰደቻቸው። በመጀመሪያው ወር ምንም ለውጥ ስላላዩ ሊተዉት አስበው ነበር። ባለሙያዋ ግን «የስድስት ልጅ ሸክም በአንድ ወር አይቃናም፤ ጥቂት ይታገሡ» አለቻቸው። በሦስተኛው ወር ሳላቸውን መፍራት ተዉ። ዛሬ ጕንፋን በጸናባቸው ጊዜ አልፎ አልፎ ጥቂት ያመልጣቸዋል፤ ፈጽሞ ድኛለሁ አይሉም። ነገር ግን ውሃ ይጠጣሉ፤ መንገድ ይሄዳሉ፤ ቅዳሴውን እስከ ፍጻሜው ቆመው ያስቀድሳሉ።

ባላቸው ምሥጢሩን በሰሙ ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር አልጠየቅሁሽም፤ በደሉ የእኔ ነው» አሏቸው ይባላል። ወይዘሮዋም ስቀው፤ «እኔም አልነገርሁዎ፤ በደሉን እንካፈለዋለን» ብለው መለሱላቸው። በዚያን ጊዜ እንደ ልባቸው ሲስቁ ብዙ ዓመታቸው ነበር።